ፍየሎቹ ለምን አልሞቱም?

ስልኩ የጮኸው የመጀመሪያውን ጉርሻ ዳቦ አፌ ሳላደርስ ነው። ሳጅኑ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ሦስት ሬሳ አለ። ከከተማው ዳር፣ ጡረተኛው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ግቢ።»

ዳቦውን አስቀመጥኩት። «ሟቾቹ እነማን ናቸው?»

«በጎች ናቸው።»

«ምን ናቸው?»

«በጎች። ባለ ሱፍ።»

ዳቦውን መልሼ አነሳሁት። እኔና በግ የተዋወቅነው ሳህን ላይ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ቅርበት አልነበረንም፤ እንዲኖረንም አልፈልግም። ግን ምን ይደረጋል፣ ዳይሬክተሩ የጣቢያችንን አዛዥ በልጅነቱ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አዛዡ እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ስለዚህ ለሦስት በግ አንድ ኢንስፔክተርና አንድ ሳጅን ታዘዙ። የከተማው ሌባ ሁሉ ዛሬ ደስ ይበለው እያልኩ፣ እየተነጫነጭኩ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ግቢው ሰፊ አይደለም፤ ያልገባበት እንስሳ ግን የለም። አንዲት ላም፣ ጥቂት ፍየሎች፣ ዶሮዎች፣ ሁለት ዳክዬዎች ይተራመሳሉ። ጋጣው ከኋላ በኩል ነው፤ ቋሚውም አግዳሚውም በጥሩ እጅ የተላገ። ሦስቱ በጎች ከጋጣው በር አጠገብ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ሱፋቸው በቅርቡ ተሸልቷል፤ ተሸልቷል ከተባለ ነው እንግዲህ፣ አይጥ የበላው ፍራሽ ነው የሚመስሉት። የአንዷን የዓይን ሽፋን በእስክሪብቶዬ ጫፍ ገለጥ አደረግሁት። ነጩ ቢጫ ሆኗል። ያደሩበት ገለባ ላይ የፈሰሰው ሽንትም ጠቁሯል።

«መርዝ ነው!» አሉ ከኋላዬ ዳይሬክተሩ። ረጅም፣ እንደ አስተማሪነታቸው ዘመን ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ስድስት ገዛሁ፣ ሦስቱን ገደለብኝ። እንዲህ ያሉ በጎች እዚህ ከተማ ታይተው አይታወቁም። የዋሆች! ጨዋዎች! ስጠራቸው እኮ አቤት ማለት ነበር የቀራቸው።»

ምራታቸው ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ሆና፣ «አባባ፣ ሊሸልቷቸው ሲሉ ‹እናንተ ደንቆሮዎች› እያሉ ግቢውን ሙሉ ሲያሯሯጧቸው ውለው አልነበር?» አለች።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። ለካ የሞተ በግም ጠባዩ ያምራል።

«ማንን ይጠረጥራሉ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ስሚኝ ልጄ፣ መጠርጠር ምን ያደርጋል? አውቀዋለሁ! አናጢው ነው። አማቼ። የዚህች የምራቴ አባት።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከቀበቶው ፈታ። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ። «መልሰው» አልኩት፤ መለሰው። ልጅቷን አየኋት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ነጥቷል።

*

ዳይሬክተሩን ሳሎን አስቀመጥኳቸው።

«ከላምና ከፍየል ጋር ነው የኖሩት። በጉ ከየት መጣ?»

«ፎቶ አይቼ ወደድኳቸው። ነጭ፣ ሱፋቸው እስከ ጉልበታቸው የሚወርድ። አናጢው ታዲያ ገና ከመኪና ሲወርዱ አይቶ ሳቀብኝ። ‹አማቼ፣ በግ በመልክ አይመረጥም። ጥርሱ ይታያል፣ ሰኮናው ይታያል፣ ወገቡ ይዳበሳል። እዚሁ የተወለደውን፣ አየሩን የለመደውን አጭር ፀጉሩን ብትገዛ ይሻልህ ነበር። እነዚህ ሙሽሮች ክረምቱን አይወጡም› አለኝ። ሰው ፊት!»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹አንተ መጋዝህን ያዝ› አልኩት።»

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ አናጢው የግቢውን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ልጃቸውን ሲናፍቁ እንኳ አጥር ጥግ ቆመው ነው የሚያስጠሯት።

«ፍየሎቹ እንዴት ናቸው?» አልኩ።

«ደህና ናቸው።»

«ላሟስ?»

«ደህና ናት።»

«መኖው ለየብቻ ነው?»

«ምን ለየብቻ አለው? አንድ ገንዳ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ጋጣ። ላሟ ብቻ ናት ከውጭ የምታድረው።»

«ታዲያ ያው አይደል!» አለ ሳጅኑ። «ሰውየው ሆነ ብሎ በጎቹን ለይቶ መርዟል!»

«እንዴት አድርጎ? ስም እየጠራ?» አልኩት። መልሱን ግን እኔም አላውቀውም ነበር። መርዝ ገንዳው ውስጥ ከተጨመረ፣ ቀድማ የምትሞተው ፍየል ናት፤ ፍየል ገንዳ ላይ ማንንም አታስቀድምም።

*

ምራትየዋን ያገኘኋት ጓሮ ነው። በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ አንዲት አንካሳ በግ ሣር ታበላለች። ያቺም ባለ ሱፍ ናት፤ ዓይኗ ግን ጥርት ያለ ነው።

«ይቺ እንዴት ተረፈች?»

«ከሌሎቹ ጋር አትውልም። ፍየሎቹ በቀንድ እየነረቱ ቁም ስቅሏን ሲያሳዩዋት ጊዜ አሳዘነችኝና፣ በመጣች በሳምንቷ እዚህ አሰርኳት። ጋጣው ውስጥ ሁለት ቀርተዋል፤ እነሱም ዛሬ ደህና አይመስሉም።»

«የምትበላውስ?»

«ያው ነው። ሣሩም ድርቆሹም ውሃውም አንድ ነው፤ የማቀርበው እኔ ነኝ። ጋጣውን ማታ አባባ ይቆልፉታል፣ ቁልፉን ትራሳቸው ሥር አድርገው ነው የሚተኙት።»

«ባለቤትሽስ በጎቹን ይወዳል?»

ትንሽ አመነታች። «ለሕፃኑ ክፍል እንሥራበት ያልነውን ቦታ አባባ ለድርቆሽ ማስቀመጫ አደረጉት። እሱም ተናዶ ‹ወይ እኔ ወይ በጎቹ› ብሎ ነበር። አፉ ነው እንጂ እሱ ዝንብ አይገድልም። ደግሞ ሌሊት ሌሊት ዳቦ ቤት ነው።»

ልሄድ ስል፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ። «ቀኔ ደርሷል። አባቴን ካሰራችሁት ልጄን የት ነው የምወልደው? እዚህ ብወልድ፣ አባቴን ባሳሰረ ሰው ቤት ነው። አባቴ ቤት ብወልድ፣ ባሌን ትቼ ነው። እርስዎ ቢሆኑ የቱ ጋ ይሄዱ ነበር?»

ምን ልበላት? እናቴ ብትኖር አንድ ነገር ትላት ነበር፤ እኔ ግን ማስታወሻ ደብተሬን ዘግቼ «እናጣራለን» አልኳት። የፖሊስ መልስ። በግ ነው ብዬ የናቅሁት ጉዳይ ያን ጊዜ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

*

ማታውኑ ዳቦ ቤቱ ሄድን። ባልየው እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። በጎቹ የሞቱበትን ሌሊት ሙሉ ከምድጃው ንቅንቅ እንዳላለ ሁለት ጓደኞቹ መሰከሩለት።

«አባትህ የአናጢውን ስም ነው የጠሩት» አልኩት።

«አባቴ ዝናብ ቢጥል ራሱ የሚከሰው አናጢውን ነው» አለ። «አናጢው አድርገውት ከሆነ ግን ሚስቴን አጣኋት ማለት ነው። እባክዎ፣ እሳቸው እንዳይሆኑ ያድርጉልኝ።»

«እኔ አጣራለሁ እንጂ አላደርግም» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳመናጨቅሁት አላውቅም። ምናልባት እኔም እሳቸው እንዳይሆኑ መፈለግ ስለጀመርኩ ነው።

*

በማግስቱ ከሰዓት አናጢው ሥራ ቤት ደረስን። አናጢው አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሰኩ ሰው ናቸው። በሩ አጠገብ አንድ በርሜል ቆሟል፤ ሰማያዊ ውሃ ተሞልቷል፣ ውስጡ ቋሚ እንጨቶች ተዘፍዝፈዋል። ጥፍራቸውን አየሁት። እሱም ሰማያዊ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ?»

«ምስጥ እንዳይበላው እንጨት የሚነከርበት ነው።»

«መርዝ ነው?»

«ለምስጥ።»

«ለበግስ?»

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «በጎቹን አልገደልኩም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወደ መሬት ነበር።

«ክረምቱን አይወጡም ብለዋል።»

«ሐኪምም በሽተኛ አይቶ አይተርፍም ይላል። ገደለ ይባላል?»

«በጎቹ በሞቱበት ሌሊት የት ነበሩ?»

«አልጋዬ ላይ።»

«ማን አይቶዎታል?»

«ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ማን ያየኛል ልጄ?»

ይህን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ የሞቱትን መርምሮ የጉበት ናሙና ለምርመራ ልኮ ነበር።

«ምን ገደላቸው?» አልኩት።

«መዳብ። ጉበታቸው በመዳብ ተሞልቷል።»

«መዳብ የት ይገኛል?»

«ብዙ ቦታ። ለምሳሌ እንጨት የሚነከርበት ሰማያዊ ዱቄት አለ፣ እሱ መዳብ ነው…»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። በርሜሉን፣ ጥፍሩን፣ ኪስ ውስጥ የተደበቀውን እጅ እያየሁ ስልኩን ዘጋሁት። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ በዚህ ጊዜ አልከለከልኩትም። በዳይሬክተሩ ደጅ ስናልፍ ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ መኪናችን እስኪታጠፍ ድረስ ብቻ አየችን። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

*

በማግስቱ ሄድኩ። ምሳቸው ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ አልነኩትም። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ለምንድን ነው እጅዎን የደበቁት?»

ሰማያዊ ጥፍራቸውን አገላብጠው አዩት። «ያንን ጋጣ የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ስትገባ ስትወጣ እንዳትጎነበስ ብዬ በሩን ከፍ አድርጌ። ምስጥ እንዳይበላው ቋሚውን ሁሉ እዚያ በርሜል ነከርኩት። ያኔ ፍየል ብቻ ነበር። እንስሳ ደግሞ እንጨት ይልሳል። ልሰውት ከሆነስ? በጎቹ ሞቱ ሲባል ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልወረደልኝም። ገደልኩ እንዳልል አልገደልኩም። አልገደልኩም እንዳልል ደግሞ አፌ አልሞላ አለኝ።»

«ፍየሎቹም እኮ እዚያው ነው የሚያድሩት» አልኩ።

«ፍየልማ ካገኘች በሩንም ትበላለች።»

ተያየን።

«ታዲያ ለምን አልሞቱም?» አሉኝ። ወንጀል መርማሪዋ እኔ ሆኜ፣ ጥያቄውን የጠየቀው እስረኛው ነው።

በቀጥታ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። የአንድ ውሻ ጆሮ እያጠበ ነበር።

«መዳቡን በአንድ ሌሊት ነው የበሉት?»

«ኧረ በፍጹም! በግ ከሌላው ይለያል። መዳብ ሲበዛበት መልሶ ማስወጣት አይሆንለትም፣ ጉበቱ ውስጥ ያከማቸዋል። ለወራት ደህና መስሎ ይኖራል። ከዚያ አንድ ቀን ሲደነግጥ፣ ሲሯሯጥ፣ ሲጨነቅ ያ ሁሉ በአንዴ ወደ ደሙ ይለቀቃል። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ወዲያው ይወድቃል።»

«ፍየልስ?»

«ፍየል ትችለዋለች። እንዲያውም ያስፈልጋታል።»

«ይሄን ለምን ትናንት በስልክ አልነገርከኝም?»

«መች አስጨረሱኝ? ‹ምን ገደላቸው› ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት እኮ!»

እውነቱን ነው። ምላሴን ነከስኩ። ለወራት በየቀኑ መዳብ የሚያበላ ሰው፣ በየቀኑ ጋጣው የሚገባ ሰው ነው። አናጢው ደግሞ አጥሩን አላለፉም። የቀረው እንጨታቸው ብቻ ነው።

«ውሻውን ለረዳትህ ስጠውና ተነስ» አልኩት።

*

ጋጣው ውስጥ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽናቸው። ሐኪሙ ተንበርክኮ ከሥር፣ እኔ ጎንበስ ቀና እያልኩ ከላይ። የሸረሪት ድር አለ፣ አቧራ አለ። የጥርስ ምልክት ግን ለመድኃኒት አይገኝም።

«ማንም አልነካውም» አለ ሐኪሙ። «ምግብ ከጠገቡ ለምን እንጨት ያኝካሉ?»

እፎይ ልል ስል አንዲት ፍየል ገፍትራኝ ወደ ጥጉ አለፈች። እዚያ ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ቡናማ ድፍን ነገር አለ፤ ተልሶ ተልሶ መሐሉ ጎድጉዷል። ፍየሏ ላሰችው። ከቀሩት ሁለት በጎች አንዷ ደግሞ እየተንገዳገደች መጥታ፣ ከጎኗ ምላሷን ዘረጋች።

«ከልክሏት!» ብሎ ጮኸ ሐኪሙ። ሳጅኑ ዘሎ በጓን አቀፋት። በሕይወቱ የያዘው ትልቁ ወንጀለኛ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ሐኪሙ ድፍኑን በእጁ ይዞ ቀረ። «ይሄ የሚላስ ጨው ነው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ያኔ ፍየሎቹ መዳብ አንሷቸው ፀጉራቸው ሲሳሳ ጊዜ። በዚያን ወቅት እዚህ ግቢ በግ የሚባል አልነበረም።»

ዳይሬክተሩ ጩኸቱን ሰምተው ከምራታቸው ጋር መጡ። «እሱን ምን አደረጋችሁት? የበጎቼ ነፍስ እኮ ነው! ከፍየሎቹ ይልቅ የሚወዱት እነሱ ናቸው። ባለቀ ቁጥር እኔው በእጄ ነው የምሰቅልላቸው። በግና ፍየል ያው ነው ብዬ፣ ለነሱ ምን ይነፈጋል ብዬ…»

ሐኪሙ ጨውን ከገመዱ ፈታው። አንድ ነገር ገባቸው መሰለኝ፣ ዓይናቸው ከሐኪሙ ወደ ጨው፣ ከጨው ወደ እኔ ሄደ።

«መዳብ አለበት ጋሼ» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «ለፍየል መድኃኒት ነው፣ ለበግ መርዝ። አጭር ፀጉሮቹ ምናልባት ቻል ያደርጉት ነበር፤ ይሄ የመረጡት ዘር ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ሊሸልቷቸው ያሯሯጧቸው ጊዜ የተከማቸው ተለቀቀ።»

ሽማግሌው አንድ ባልዲ ደፍተው ተቀመጡበት። «እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት» አልኩ። ለስላሳ አንደበት አልሰጠኝም። «ግን ወንጀል አይደለም። ገዳይ የለም። የማንም እጅ የለበትም።»

«አባቴ አይደለም?» አለች ልጅቷ።

«አባትሽ አይደለም። እንጨቱም አይደለም።»

አንካሳዋ በግ የተረፈችው ከፍየሎቹ ተለይታ ጓሮ ታስራ፣ ጨው ሳትልስ ስለቀረች ነው ብዬ ላስረዳት ነበር፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም። ልጅቷ አጥሩን ተደግፋ፣ እየሳቀች ታለቅሳለች። ማስታወሻ ደብተሬን ዘጋሁት። ከዚያ ሁሉ የነፍስ ግድያ ፋይል በኋላ፣ ገዳይ የሌለበት ጉዳይ ሲገጥም ሰው እንዴት እንደሚቀለው አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ለሁለቱ በጎች መድኃኒት ሰጣቸው። «ጨውን ለፍየሎቹ ብቻ፣ በጎቹን ለብቻ» አለ። «አታሯሩጧቸው፣ አትቆጧቸው። ይተርፋሉ።»

*

ዳይሬክተሩ ጥግ ጠሩኝ። «ልጄ፣ አንቺው አስፈቺው። እኔ ነገ ጠዋት ረጋ ብዬ…»

«ጋሼ፣ ሲያሳስሩት ነገ ጠዋት አላሉም። መኪናው ውስጥ ይግቡ።»

ገቡ። መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ለክፍል የሚያቀርቡትን ንግግር የሚያጠኑ ነበር የሚመስሉት። የማረፊያ ክፍሉ በር ሲከፈትና አናጢው ተነስተው ሲቆሙ ግን ያጠኑት ሁሉ ጠፋባቸው።

«እንጨትህ ንጹሕ ነው» አሉ። «አንድም እንስሳ አልነካውም። የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ባላወቅሁት ጨው።»

አናጢው መልሰው ተቀመጡ። ጥፍሩ ሰማያዊ በሆነ እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑት። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ቆመው አዩአቸው፤ ከዚያ ሄደው አጠገባቸው እዚያው የእስረኛ አልጋ ላይ ተቀመጡ።

«ይቅር በለኝ» አሉ። «ደጄን ዘጋሁብህ። አሳሰርኩህ።»

አናጢው ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «የቀሩትስ?»

«ይተርፋሉ ተባለ።»

«ተመስገን።» እጅጌያቸውን አወረዱ። «አጭር ፀጉሩን ግዛ ብዬህ ነበር።»

«ብለሃል፣ ብለሃል! ዕድሜ ልክህን ስትነግረኝ ልትኖር ነው?»

«ዕድሜ ልኬን።»

መጀመሪያ የሳቁት ዳይሬክተሩ ናቸው። ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሰምቶ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ።

ውጭ ባልየው በዳቦ ቤቱ መኪና ሚስቱን ይዞ መጥቶ ነበር። ልጅቷ አባቷን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። ስትለቃቸው ሁለቱ አማቾች ከጣቢያው ደረጃ ሳይወርዱ ጀመሩ።

«በይ እንሂድ ልጄ» አሉ ዳይሬክተሩ። «ክፍሉን ዛሬውኑ እናጸዳለን፣ የምትወልጂው እኛ ቤት ነው።»

«የለም፣ የመጀመሪያ ልጅ እናት ያደገችበት ቤት ነው የሚወለደው» አሉ አናጢው።

«አንተ ደግሞ! ገና ከመፈታትህ…»

«ቆይ፣ ያሰረኝ ማን ሆነና?»

«ሐኪም ቤት ነው የምወልደው!» አለች ልጅቷ። ሁለቱም ዞረው አዩአት። «እናንተ ደግሞ ሁለታችሁም ውጭ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ ትጠብቁኛላችሁ። ነገር ካነሳችሁ ኢንስፔክተሯን ነው የማስጠራው።»

«እሺ» አሉ በአንድ አፍ።

ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ የምር መሆኗን ለማወቅ ዓይኗን ማየት ይበቃ ነበር። እኔም ብታስጠራኝ፣ ቁርሴን ትቼ እሄድላት ነበር።